የግራ እግር ጫማ

አባቷ ጫማዋን በመዳፉ ላይ አስቀምጦ ዘረጋላት። ከዘንባባ ቅጠል የተጎነጎነች፣ ዳር ዳሯ በቀይ ክር የተሰፋች ትንሽዬ ነጠላ ጫማ ነች። ከመዳፉ ብዙም አታልፍም።

«እስቲ እያት አለቃዬ! የድብልብሌ እግር እዚች ላይ ቁጭ ሲል አይታይሽም?»

ልጅቷ አየቻት። የታያት ግን ሌላ ጫማ ነው፤ ታናሽ ወንድሟ በር ላይ እየወረወረ የሚገባው፣ አፍንጫው በኳስ የተቀደደ ሸራ ጫማ። ይቺ የዘንባባ ጫማ እዚያ ውስጥ ገብታ ብትተኛ እንኳ ቦታ አያንሳትም።

«ታምራለች» አለች።

«ታምራለች ብቻ? እንዲያውም እሱ ከእግሩ ሳያወልቅ ነው የሚተኛባት!» አባቷ ሳቀ። እንዲህ ከልቡ ሲስቅ ካየችው ቆይታለች።

አባቷ የጀልባ ሞተር ጠጋኝ ነው። እሷ የአሥር ዓመት ልጅ ሳለች፣ ይሠራበት የነበረው ጋራዥ ሲዘጋ፣ በዚህች ደሴት ላይ መካኒክ ጠፋ ሲባል ሰምቶ መጣ። «ለስድስት ወር ነው» ብሎ ነበር። ስድስቱ ወር አምስት ዓመት ሆነ። በየዓመቱ «የሚቀጥለው ዓመት» ይላል፤ የሚቀጥለው ዓመት ሲመጣ ደግሞ ወይ ሥራው ይበዛል፣ ወይ የሚተካው ሰው ይጠፋል። ዘንድሮ እሱ መምጣት ሲያቅተው እናቷ ትምህርት ቤት እስኪከፈት ልጅቷን ለአንድ ወር ወደ እሱ ላከቻት። ወሩ እንደ ዘበት አለቀ። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መርከቡ ይነሳል። ጠዋቱ የስጦታ ነው።

ስጦታ መግዛት ቀላል ይመስላት ነበር። ወደቡ አጠገብ የተደረደሩት ሱቆች የደሴቷ ስም በተጻፈባቸው ስኒዎች፣ ቁልፍ ማንጠልጠያዎችና የሚያብረቀርቁ ነገሮች ሞልተዋል። አባቷ ግን ቀና ብሎም አላያቸው።

«ያ ዕቃ እኔ በመጣሁበት መርከብ የመጣ ነው» አላት። «እንደኔው እንግዳ ነው። እኔ የምልከው እዚሁ የበቀለ፣ የዚህ ሰው እጅ ያረፈበት ነገር ነው። እነሱ ሲይዙት እኔ ያለሁበትን ቦታ የያዙ ያህል እንዲሆን።»

ስለዚህ ከወደቡ ጀርባ ባለችው ቀጭን መንገድ ገቡ። የእጅ ሥራ ሠሪዎቹ በየደጃፋቸው ተቀምጠው ይሠራሉ። ለጓደኛዋ ከእንጨት የተጠረበ ማበጠሪያ መረጠች። ልጅቷ ገና ከቤት ሳትነሳ ጓደኛዋ፣ «ፕላስቲክ ይዘሽ ከመጣሽ አንተዋወቅም፣ አቦ!» ብላ አስጠንቅቃታለች። ይህ ቀላሉ ነበር።

ከባዱ የመጣው አባቷ እዚያው እንጨት ጠራቢው ዘንድ ረጅም የፀጉር ማስያዣ ሲያነሳ ነው።

«ይኸ የሚስቴን ፀጉር ይችላል?» ብሎ ጠየቀ።

«ምን ያህል ቢሆን ነው?»

«ወገቧ ድረስ ነዋ!» አለ አባቷ ደረቱን ነፍቶ።

እናቷ ፀጉሯን አጭር አድርጋ ከተቆረጠች ሁለት ዓመት አለፋት። ልብስ ሰፊ ናት፤ አቀርቅራ ስትሰፋ እየተንዘረፈፈ አስቸግሯት ነበር። ልጅቷ ግን ስትነሳ እናቷ በር ላይ ይዛ ያለቻት ትዝ አላት። «እንዲህ ሆንን፣ እንዲያ ሆንን እያልሽ ሆድ እንዳታስብሺው። ብቻውን ነው ያለው።» ስለዚህ ቦርሳዋን ከፈተችለት። ማስያዣው ተጠቅልሎ ገባ።

አሁን ደግሞ ጫማው መጣ።

ጫማ ሠሪዋ እርጥብ ቅጠል በጉልበታቸው ላይ ዘርግተው የሚጎነጉኑ ትልቅ ሴት ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ እማማ ይላቸዋል። እጃቸውን ሳያቆሙ ቀና አሉ።

«ልጁ ስንት ዓመቱ ነው፣ መካኒኩ?»

«ሁለ… ሰባት» አለ አባቷ።

የእማማ እጅ ቆመ። ጫማዋን አዩ፤ አባቷን አዩ፤ ከዚያ ዓይናቸው ልጅቷ ላይ አረፈ። ልጅቷ ወደ ባሕሩ ዞረች።

«ሰባት ዓመት?» አሉ እማማ ቀስ ብለው።

«ትንሽ ልጅ ነው እኮ፣ እማማ። ድብልብል ያለ።»

እማማ ሁለቱን ጫማዎች ፊት ለፊት ገጥመው በሣር ገመድ አሰሩለት።

የአባቷ ክፍል ከጋራዡ ጀርባ ናት። አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ በሚስማር ላይ የተሰቀለ ቅያሪ የሥራ ቱታ። መስኮቱን ቢከፍቱትም ባይከፍቱትም የሞተር ዘይት ይሸታል። ወሩን ሙሉ እሷ አልጋው ላይ፣ እሱ ወለል ላይ ፍራሽ ዘርግቶ ሲተኙ ነበር። ከአልጋው በላይ አንድ ፎቶ ተለጥፏል። እናቷ ፀጉሯን በትከሻዋ ላይ አውርዳ፣ ወንድሟን አቅፋ ተቀምጣለች። ወንድሟ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ጉንጩ ዓይኑን ሊሸፍነው ምንም አልቀረው። የአባቷ አሮጌ ስልክም፣ እናቷ ለልጅቷ ለመንገድ የሰጠቻት ስልክም ድምፅ እንጂ ምስል አይቀበሉም፤ እሱ አምስት ዓመት ሙሉ ሲያይ የኖረው ይህንኑ ፎቶ ነው።

ልጅቷ ልብሷን ሻንጣ ውስጥ እያጠፈች ሳለ፣ አባቷ ጫማዎቹን ፈትቶ ፎቶው ላይ ከልጁ እግር በታች ሲያስጠጋቸው አየችው። ይለካል። ለፎቶው ልጅ ልክ ናቸው።

«ስልክ ላይ ለምን እንደሚሸሸኝ ገብቶኛል» አለ አባቷ ዓይኑን ከፎቶው ሳይነቅል። «ያፍራል። እናንተ ዘንድ ይለፈልፋል፣ እኔ ስሆን አፉ ይያዛል። ይኸን ሲያይ ግን ተይው! ‹አባዬ ያውቀኛል› ይላል።»

ልጅቷ የያዘችውን ሸሚዝ አስቀመጠች። ወንድሟ ጥቅሉን ሲፈታ ታያት። መጀመሪያ ይስቃል። አውራ ጣቱን ለማስገባት ይሞክራል። ከዚያ ሳቁ ይጠፋል። ልታስበው አልፈለገችም፤ ግን የሚለውን ቃል በቃል ሰማችው። ‹ለሌላ ልጅ ነው የላከው።›

እናቷ ሆድ እንዳታስብሺው ብላለች። ግን የማን ሆድ?

«አባዬ።»

«ወይ፣ አለቃዬ።»

«አይገባውም።»

«ምኑ?»

«ጫማው። አይገባውም። እግሩ አድጓል። ሁሉ ነገሩ አድጓል።» አንዴ ከጀመረች መቆም አቃታት። «ድብልብልም አይደለም፤ እንደ ሸምበቆ ነው። የፊት ጥርሱ ወልቋል። ድብልብሌ ሲባል ‹እኔ ሕፃን አይደለሁም› ብሎ ይናደዳል። ስልክ ላይ ዝም የሚልህም አፍሮ አይደለም። ምን እንደሚልህ ስለማያውቅ ነው። እማዬም… እማዬ ፀጉሯን ተቆርጣለች። መነጽር አድርጋለች።»

አባቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ጫማዎቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ በጥፍሩ ሥር የገባውን ጥቁር ዘይት ይፈቀፍቅ ጀመር። ልጅቷ ምን ነካኝ አለች በሆዷ። ወሩን ሙሉ ችላ፣ ልትነሳ ሦስት ሰዓት ሲቀር!

«ይቅርታ አባዬ፣ እኔ…»

«ስንት ነው?» አላት።

«ምኑ?»

«እግሩ።»

ልጅቷ ብርድ ልብሱ ላይ እጇን ዘረጋች። ከአውራ ጣቷ ጫፍ እስከ ትንሿ ጣቷ ጫፍ፣ አንድ ስንዝር። «ይኸን ያህል። ከዚህ ትንሽ ያልፋል። ኳስ ተጫውቶ ሲመጣ እግሩን የማጥበው እኔ ነኝ፣ አውቀዋለሁ።»

አባቷ ስንዝሯን ለረጅም ጊዜ ተመለከተው። ሰባት ዓመቱ መሆኑን ያውቃል፤ የልደት ቀኑንም ረስቶ አያውቅም። እጁ ግን አላወቀም ነበር። የራሱን ሻካራ እጅ አምጥቶ ከስንዝሯ ጎን አሳረፈ። ዓይኑ ቀልቷል።

«ተነሽ» አላት። «እማማ ምሳ ሳይበሉ እንድረስባቸው።»

እማማ ሲያዩአቸው አልገረማቸውም። ትንንሾቹን ጫማዎች ተቀብለው ወደ ቦታቸው መለሱ።

«የልጅ እግር ቆሞ አይጠብቅም» አሉ። «እኔም የባሕርተኛ ሚስት ነበርኩ፤ እናንተ ከሩቅ የምታመጡትን ስጦታ አውቀዋለሁ። እስቲ ልኩን።»

ልጅቷ በስንዝሯ ለካችላቸው። እማማ በቅጠል ላይ ምልክት አደረጉ፤ ከዚያ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። «መርከቡ እስኪነሳ አንዱን እጨርስ ይሆናል። ሁለቱን ግን አልዋሽህም።»

«ሌላውን እኔ ልሥራ» አለ አባቷ።

«አንተ?»

«ያሳዩኝ።»

«ይኸ ሞተር አይደለም፣ ልጄ።»

«ሞተርም ሳላውቀው ነው የጀመርኩት።»

እማማ ሳቁና ከጎናቸው ቦታ ለቀቁለት። የቀኙን እሳቸው፣ የግራውን አባቷ ያዙ። ትልልቅ ብሎን የሚፈታ እጅ ቅጠል ሲይዝ ግራ ገባው። አንዱን ሲያጠብቀው ይበጠሳል፤ ሲያላላው ይፈታል። «ቀስ! ቅጠሉ ምን አደረገህ?» ይላሉ እማማ። ልጅቷ ቅጠል እያራሰች ታቀብላለች። እሱም በመሐል በመሐል ቀና ሳይል ይጠይቃል።

«በየትኛው እግሩ ነው ኳስ የሚመታው?»

«በግራው።»

«ማታ መብራት ሲጠፋ ይፈራል?»

«ድሮ ጨለማ ይፈራ ነበር። አሁን ትቷል።»

«ሲናደድስ?»

«ቁም ሣጥን ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። ሲርበው ይወጣል።»

አባቷ ሳቀ። ሳቁ ግን እንደ ጠዋቱ አልነበረም፤ ዝቅ ያለ ነው። «እኔም እንደዚያው ነበርኩ» አለ።

ልጅቷ ወሩን ሙሉ አብራው በልታ፣ አብራው ወደብ ለወደብ ዞራለች። እንደዚች ሰዓት ግን ተጨዋውተው አያውቁም። ሰዓቱ ባይሄድ ብላ ተመኘች። ሰዓቱ ሄደ።

«ለእድገቱ ትንሽ ልተውለት?» አሉ እማማ ጫፉን ከመቋጠራቸው በፊት። «ሁሉም ወላጅ ይተዉልኝ ነው የሚለው።»

«አይ» አለ አባቷ። «ልክ ለዛሬው እግሩ ይሁን።»

ወደ ወደቡ ሲሮጡ እንጨት ጠራቢው ደጃፍ ላይ ለአፍታ ቆሙ። የፀጉር ማስያዣው ተመልሶ፣ ከጥቃቅን ዛጎል የተሰካካ የመነጽር ማንጠልጠያ ተወሰደ።

«ያምርባታል እንዴ፣ መነጽሩ?» አለ አባቷ እያለከለከ።

«ዳኛ ነው የምትመስለው። ስትቆጣማ ተወው!»

መርከቡ ጥሩንባውን ነፋ። አባቷ አቅፏት ቆየ፤ ቱታው ዘይት ዘይት ይላል። ከዚያ ጥቅሉን እጇ ላይ አኖረላት።

«ሲጠበው ሌላውን ራሴ ይዤለት እመጣለሁ፣ በይው። እሺ አለቃዬ?»

ልጅቷ አንገቷን ነቀነቀች። እሺ ማለቷ ይሁን ማልቀሷ፣ ለራሷም አለየላትም።

መርከቡ ከዳር ሲርቅ አባቷ አነሰ፤ ልብሱ ብቻ ሰማያዊ ነጥብ ሆኖ ቀረ። ልጅቷ ከኋላ ባለው አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ጥቅሉን ከፈተችው። የቀኙ ጫማ ወጥ ነው፤ እንከን አይወጣለትም። የግራው ተንሸዋሯል። ተረከዙ ላይ ወፍሯል፣ መሐሉ ላይ አንድ ቅጠል ወጥቶ ቀርቷል፤ የቅጠሉ ዳር ላይ ጥቁር የዘይት አሻራ አለ። እሱን በጣቷ ዳሰሰችው።

ስልኳ ጠራ። እናቷ መስላት ስታነሳው ወንድሟ ነው።

«ተሳፈርሽ? ምን አመጣሽልኝ?»

«ጫማ። ከዘንባባ የተሠራ። አባዬ የላከልህ።»

«ኧረ! ልኬን በምን አወቀ?»

«ጠይቆ።»

ወንድሟ እንደ ዋዛ፣ ግን ድምፁን ቀንሶ፣ «ይመጣል አለ እንዴ?» ብሎ ጠየቃት።

መልሱ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር፤ አባቷ ራሱ ያስያዛት ቃል። በየዓመቱ ይህንኑ የመሰለ ቃል በስልክ ይደርሳቸው ነበር። እሷም በየዓመቱ ‹መጣ፣ ደረሰ› እያለች ለወንድሟ ስታቀብል ኖራለች። ወደ ኋላ ዞራ አየች። ደሴቷ ገና ትታያለች፤ ሰማያዊው ነጥብ ግን ከሌሎቹ መሐል አልለይ ብሏል።

«እንጃ» አለችው። «እሱን አላውቅም። የግራውን ግን ራሱ ነው የሠራው። ስመጣ እንዴት እንደሠራው አንድ በአንድ እነግርሃለሁ።»

«ራሱ?» አለ ወንድሟ። «በእጁ?»

«በእጁ» አለችና ስልኩን ወደ ጆሮዋ አስጠግታ መናገር ጀመረች።