የእማማ ግራ እጅ

ቤት ለቤት የምትዞረው ነርስ መጀመሪያ የገባች ቀን ብረት በያጁ እናቱን በማንኪያ ሲያጎርስ ደረሰች። እናቱ ስትሮክ መትቷቸው ግራ ጎናቸው አልታዘዝ ብሎ ከሆስፒታል ከወጡ ገና ሳምንታቸው ነው። ልጅ ሆዬ ግን ደህናውን ቀኝ እጃቸውን ሳይቀር ሥራ አስፈትቶታል።

«ማንኪያውን ለእሳቸው ስጣቸው» አለችው።

«ትደፋዋለቻ፣ ሲስተር!»

«ይድፉት። አንተ ትጠርጋለህ።»

እማማ ሳቁ። ነርሷ ግን ዞር ብላ የልጁን ዓይን አየችው፤ ደም መስሏል። «አንተስ? እንቅልፍ የሚባል ነገር ታውቃለህ?»

እናቱ ከወደቁ ወዲህ ስለ እሱ የጠየቀ ሰው አልነበረም። አንገቱን ደፋ። አንጀቷን በላው፤ ከዚያች ቀን ወዲያማ ልቧ የእሷ አልሆነም።

ማክሰኞ ማክሰኞ ትመጣለች። ግቢው ውስጥ ካለው የልጁ ብየዳ ቤት ብሎንና ዳዶ ታስመጣና እማማ በግራ እጃቸው ሲያጠብቁ ሲያላሉ ይውላሉ። ለልጁ ደግሞ ደጋግማ ትነግረዋለች፦ «አፋቸው ከተጣመመ፣ እጃቸው ከወደቀ፣ ንግግራቸው ከተኮላተፈ፣ ምን ሆኑ ብለህ አትመራመር። ወዲያው አምቡላንስ ጥራ።» እሱ እሺ ይላል፤ የሚያየው ግን ዓይን ዓይኗን ነው።

የእማማ እጅ እየበረታ መጣ። በረታ ማለት ደግሞ የእሷ መምጣት አበቃ ማለት ነው፤ የዳነ ሰው ቤት ነርስ አይላክም። የመጨረሻው ምርመራ ቀን እማማ ኩባያውን በግራቸው አንስተው ዷ! አድርገው ለቀቁት። «ወይኔ እጄን!» ብለው አፋቸውን አጣመሙ። ነርሷ ጣቶቻቸውን ያዘች። አጥብቀው ጨበጧት፤ ጭራሽ ጠቀሷት! ምን ትበል እንግዲህ? ለአለቃዋ «ገና ናቸው» አለች።

ከዚያ በኋላ ነገሩ የቤት ጨዋታ ሆነ። በሩ ሲንኳኳ እማማ እጃቸውን ይጥላሉ፣ ልጁ «እማዬ፣ አንቺማ ትያትር ቤት ነው መቀጠር ያለብሽ!» ይላል፣ ሦስቱም እንባቸው እስኪመጣ ይስቃሉ። አንድ ማክሰኞ እስከ ደጅ ሲሸኛት እጇን ያዘ።

«እማዬ ዳነችም አልዳነችም፣ አንቺ እዚህ ቤት ብትቀሪስ?»

ፊቷ ቀላ። «የሚመጣው ማክሰኞ እነግርሃለሁ» አለችው። ሳምንቱን ሙሉ በሄደችበት ሁሉ ብቻዋን ፈገግ ስትል ሰነበተች።

ማክሰኞ ጠዋት እማማ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ እጃቸው ወደቀ፤ አፋቸው ተጣመመ። በያጁ ከብየዳ ቤቱ ብቅ ብሎ አያቸውና ሳቁን ለቀቀው።

«ቆይ እንጂ እማዬ፣ ገና እኮ አልመጣችም!»

ወደ ሥራው ተመለሰ።

ከሰዓታት በኋላ ነርሷ ስትመጣ ገና ከደጃፍ አወቀችው። የእማማ ዓይን አይስቅም ነበር። «ጥራ! አምቡላንስ ጥራ!» ብላ ጮኸች። አምቡላንሱም መጣ፤ ግን ረፍዶ ነበር። እማማ በዚያው ቀሩ።

ለቅሶው ላይ ጥግ ይዛ ተቀምጣ እስኪሰድባት ጠበቀች። አልሰደባትም። ውሃ አቀረበላት።

ከወራት በኋላ ራሱን አሞት ጤና ጣቢያ መጣ። ከስቷል። ክንዱን ዘረጋላትና ግፊቱን ለካችው፤ ከፍ ብሏል።

«መድኃኒት መጀመር አለብህ። ቤትህ እየመጣ የሚለካህ ሰውም ያስፈልግሃል።»

አንገቱን ነቀነቀ።

«እጃቸው እንደዳነ እያወቅሁ ነው የዋሸሁት» አለች። «ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«እኔስ አላውቅም ነበር? እንድትመጪ ስለፈለግሁ ነው እንጂ።»

«ዛሬም እወድሃለሁ።»

«እኔም። በእማዬ አፈር እወድሻለሁ። ግን በሬን ባንኳኳሽ ቁጥር ያ ሳቄ ይመጣብኛል። አልቻልኩም፣ ሲስተር። ሌላ ሰው ላኪልኝ።»

ክንዱ ላይ የተጠመጠመውን የግፊት መለኪያ ፈታችለት። እጇን ግን ከክንዱ አላነሳችም፤ እሱም አላሸሸም። በመጨረሻ እጅጌውን ራሷ ወደ ታች መለሰችለት።

«ይላክልሃል» አለችው።

ማክሰኞ ባልደረባዋ ወደዚያ ሰፈር ሲሄድ እሷ በሌላ መንገድ ወርዳ የሌላ በሽተኛ በር አንኳኳች። ከውስጥ የደከመ የሴት ድምፅ «ማነው?» አላት። ልትመልስ አፏን ከፈተች፤ እንባ ቀደማት። ፊቷን በእጅጌዋ እስክትጠርግ ሴትዮዋ በሩን ከፍተው ቆመው ነበር።