ቀድሞ የገባው እጅ

ተማሪው የአሸዋ ከረጢቶቹን ታቅፎ ወደ መልመጃ ክፍሉ ሲመለስ ዊልቸሩ ባዶ ነበር። የኋላው በር ገርበብ ብሏል። መጀመሪያ በልቡ የመጣው ደስ የሚል ነገር ነው፤ ሽማግሌው ድፍረት መጥቶላቸው ብረቱን ተደግፈው ቆመው ይሆናል ብሎ ዞር ዞር እያለ ፈለጋቸው። ከዚያ በበሩ ብቅ ብሎ ቁልቁል ሲያይ ከረጢቶቹ ከእጁ አመለጡ።

ሽማግሌው ሰዓት ሠሪ ከደረጃው ግርጌ በጀርባቸው ተዘርግተዋል። ግራ እጃቸው በጥቁሩ ካፖርታቸው እጅጌ ውስጥ ገብቷል፤ የቀኙ እጅጌ ባዶውን ከጎናቸው ተነጥፏል። ተማሪው እንዴት እንደወረደ አያውቅም። አንገታቸው ላይ ጣቱን አሳርፎ ጠበቀ፣ ቦታ ቀይሮ ደግሞ ጠበቀ። ምንም አልነበረም። ጩኸቱን ሰምታ የመጣችው የክፍሉ ኃላፊ አንሶላ አምጥታ፣ ቤተሰብ ሳይደርስ፣ ሬሳውን ከራስ እስከ እግሩ ሸፈነችው።

ሟቹ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ሰዓት ሲጠግኑ ኖረው፣ ስትሮክ ቀኝ ጎናቸውን ከነሥራ እጃቸው የነጠቃቸው ሰው ነበሩ። ተማሪው ደግሞ የፊዚዮቴራፒ የመጨረሻ ዓመቱን በዚህ ሆስፒታል በተግባር ልምምድ እየጨረሰ ነው። ሕመምተኞቹ «ወጌሻው» የሚል ስም አውጥተውለት፣ እናቱ ያወጡለትን ስም የሚጠራው ሰው ጠፍቷል። ጎህ ሳይቀድ ይነሳል። ቀኑን ሙሉ ከራሱ የሚከብድ ሰው ሲያነሳና ሲያስቀምጥ ይውላል፤ ማታ አውራ ጣቶቹ እየጠዘጠዙት የጡንቻ ስም ይሸመድዳል። ቤቱም ቢገባ እረፍት የለም፤ እናቱ ጉልበታቸውን፣ አክስቱ ወገባቸውን ይዘው ወረፋ ይጠብቁታል። አጎቱ በበኩሉ፣ ሰው ለማሸት ዩኒቨርሲቲ ድረስ መድከም ለምን እንዳስፈለገ እስከ ዛሬ አልገባውም።

ይህን ሁሉ ችሎ እዚህ የደረሰ ልጅ አሁን በአንድ ጥዋት ገደል አፋፍ ላይ ቆመ። በሙያው መጀመሪያ የሚነገረው ሕግ ሕመምተኛን ብቻውን ጥሎ አለመሄድ ነው። እሱ ጥሎ ሄዷል። ሰውየው ብቻቸውን ሊወጡ ሲሉ ወድቀው ከሆነ፣ ምረቃው ቀርቶ እስር ቤት ሊያይ ይችላል። ከዚያ የባሰው ደግሞ የዊልቸሩን ፍሬን መቆለፉን እርግጠኛ አለመሆኑ ነበር። ሰውየውን ይወዳቸው ነበር፤ ገድያቸው ይሆን የሚለው ሐሳብ አልለቅ አለው።

ፖሊስ ከመድረሱ በፊት ኃላፊዋ ኮሪደሩ ላይ ክንዱን ይዛ ወደ ጥግ ጎተተችው።

«ፍሬኑን ቆልፌ ነበር በል» አለችው በሹክሹክታ። «ለምን ወጣህ ካሉህ፣ ዕቃ ላመጣ ራሴ ነው የወጣሁት ትላለህ። እኔ አልጠራሁህም። ገባህ?»

ተማሪው ክው አለ። «እሳቸውን ተዋቸውና ከረጢቶቹን ቶሎ አምጣልኝ» ብላ ከወዲያኛው ክፍል የተጣራችው እሷው ነበረች። ከሽማግሌው ጋር ደግሞ ዓይንና ናጫ ነበሩ፤ ባለፈው ሳምንት በሰው ፊት «ከአንቺ ይልቅ ተማሪሽ ይሻላል» ብለዋታል። ለምንድን ነው የምትዋሸው? ተማሪው ይህን ጥያቄ ይዞ ፊቷን ሲያይ፣ እሷም በጥርጣሬ እያየችው ነበር።

መርማሪዋ ስትመጣ ማንንም ሳታናግር በቀጥታ ወደ ደረጃው ወረደች። ሃምሳን ያለፈች፣ ድምጿ ዝግ ያለ፣ ቀና ብላ ስታይ ግን ሰው ኪሱን የሚያስዳብስ ዓይን ያላት ሴት ናት። አንሶላውን ገልጣ ካፖርቱን ወደ ላይ ወደ ታች አየችው፣ ኮሌታውን ከፍ አድርጋ ከሥሩ ያለውን ሸሚዝ ተመለከተች። የደረጃው ግድግዳ ኖራ የተቀባ ነው፤ ጠጋ ያለውን ሁሉ ያነጣል። ጣቷን ግድግዳው ላይ አሽታ ነጩን አይታ፣ ጣቷን ጠርጋ ወጣች።

መጀመሪያ ያነጋገረችው የሟቹን ባለቤት ነው። እትዬ ዕንባቸውን እየጠረጉ፣ መድኃኒት ቤት ሰልፍ ላይ እንደነበሩ ነገሯት። ባላቸውን በጥዋት አጥበው፣ ሸሚዝ አልብሰው ያመጧቸው፣ ካፖርታቸውንም ከዊልቸሩ ጀርባ የሰቀሉላቸው እሳቸው ናቸው። «ደክሞኛል፣ እኔም ሰው ነኝ» ብለው ለጎረቤት ማማረራቸውንም ራሳቸው አልደበቁም፤ ሰው መድከሙን ሲናገር ሞት ተመኘ ማለት ነው ወይ ብለው ጠየቋት። 

ቀጥሎ የሟቹ ታናሽ ወንድም ገባ። ወንድሙ ከታመመ ወዲህ ሱቁን ይዞ የሚሠራው እሱ ነው፤ ወደ ሆስፒታሉ ብቅ የሚለው አልፎ አልፎ ነው። ያን ዕለት ሊጠይቃቸው መጥቶ ከበሩ እንደተመለሰ ተናገረ።

«ካፖርቱን እየለበሰ ነበር» አለ። «ግራ እጁን አስገብቶ ከቀኙ ጋር ሲታገል ላግዘው አልኩ። ‹ተወኝ፣ ራሴ እለብሳለሁ› ብሎ ተቆጣኝ። ግትር መሆኑን አውቃለሁ፤ ትቼው መጠበቂያው ክፍል ሄጄ ተቀመጥኩ። መሞቱን የሰማሁት እዚያው ነው። ይኼ ልጅ ከአጠገቡ ባይጠፋ ኖሮ ወንድሜ ዛሬ በሕይወት ነበር።»

የመጨረሻዋን ቃል በተከፈተው በር በኩል ተማሪው ሰምቷታል። ተራው ደርሶ ገባ። መርማሪዋ ክፍሉ ሞቋት ጃኬቷን ልታወልቅ ተነሳች፤ መጀመሪያ ቀኟን አውጥታ፣ ግራዋን ቀስ ብላ አስከተለች። ተማሪው በዚያ ጭንቀት ውስጥ ሆኖም ዓይኑ ሥራውን አልተወም።

«ግራ ትከሻዎን ያምዎታል?» አላት።

«ማን ነገረህ?»

«ደህናውን እጅዎን አስቀድመው አወለቁ። ሲለብሱ ደግሞ የሚያመውን ነው የሚያስቀድሙት። የሚያም እጅ መታጠፍ አይወድም።»

መርማሪዋ ጃኬቷን እንደያዘች ቆመች። «ልጄ፣ በሽታው ስንት ጥዋት እንዳንገላታኝ አታውቅም» አለች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ሽባ የሆነ እጅስ?» ስትል ጠየቀችው።

«የሱማ የግድ ነው። የደከመው እጅ ካልቀደመ ብቻውን መልበስ አይችልም። እኔ ለጋሼ መጀመሪያ ያስተማርኳቸው እሱን ነው። እንቢ ብለውኝ ስንት ቀን ተጨቃጭቀናል፤ ከለመዱ በኋላ ግን ሌላውን ሕመምተኛ እያስተማሩ አስቸገሩኝ።»

መርማሪዋ ተቀመጠች። ቀጥሎ ሕመምተኛውን ለምን ብቻቸውን እንደተወ ጠየቀችው። ተማሪው ኃላፊዋ ያለችውን ለመድገም አፉን ከፈተ፣ ግን አልወጣለት አለ። «ተጠርቼ ነው» ብሎ ማን እንደጠራው ሳይናገር አቀረቀረ። ፍሬኑን መቆለፉንም እንደማያስታውስ ተናገረ። መርማሪዋ አልገፋችውም፤ ይልቅ ያን ዕለት ጥዋት ከማን ጋር እንዳወራ ጠየቀችው።

«ከታናሽ ወንድማቸው ጋር። ኮሪደሩ ላይ አግኝቼው የምሥራች ነገርኩት። የጋሼ ቀኝ አውራ ጣት ተንቀሳቅሶ ነበር። ሥራ እጃቸው ነው እኮ። ወደ ሱቃቸው ይመለሳሉ አልኩት።»

«ምን አለህ?»

«‹እግዜር ይስጥህ› ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።»

በማግስቱ ከቀትር በፊት መርማሪዋ ሁሉንም መልመጃ ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። እትዬ ፍራሹ ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል፤ ታናሽየው ከአጠገባቸው ቆሞ ትከሻቸውን ይዟል። ኃላፊዋ እጇን አጣምራ ግድግዳውን ተደግፋለች። ተማሪው ትልቁ መስታወት ውስጥ ሁሉም እሱን እያዩ እንደሆነ ተሰማው፤ ማንም ወደ እሱ አላየም ነበር።

መርማሪዋ ዊልቸሩ ላይ ተቀምጣ ቀኝ እጇን ጭኗ ላይ ጣለችው።

«ይህ እጅ አይታዘዝም» አለች። «አሁን ታናሽ ወንድማቸው አየሁ እንዳሉት እለብሳለሁ።»

አንድ ካፖርት አንስታ፣ ግራ እጇን እንደምንም ብላ እጅጌው ውስጥ ሰደደችው። የቀረው ካፖርት ጀርባዋ ላይ ተንጠለጠለ። ግራ እጇ በእጅጌው እንደተያዘ ወደ ቀኟ ሊደርስ ታገለ፣ ትከሻዋ ስላመማት ፊቷን አጨማደደች፣ ካፖርቱ ተንሸራቶ ከወንበሩ ጋር ተጠላለፈ። በሌላ ቀን ቢሆን ያስቅ ነበር።

ከዚያ ተማሪውን ጠርታ እንዳስተማራቸው እንዲያሳያት ነገረችው። እሱም ካፖርቱን ጭኗ ላይ ዘርግቶ፣ የሞተውን እጅ በእጅጌው አሳልፎ እስከ ትከሻዋ ሰበሰበላት። መርማሪዋ በግራ እጇ ኮሌታውን ይዛ በጀርባዋ አዞረችና ግራዋን አስገባች። አለቀ።

«ተሳስቶ ይሆናላ» አለ ታናሽየው። «ተሳስቶ ነዋ የወደቀው።»

«እኔም እንደዚያ እል ነበር፤ ኖራው ባይኖር» አለች መርማሪዋ። «ሲወድቁ ግድግዳውን ታከው ነው የወረዱት። ሸሚዛቸው በግራ ትከሻውና በጀርባው ነጭ ሆኗል። በላዩ የነበረው ካፖርት ግን ንጹሕ ነው። ስለዚህ ሲወድቁ ካፖርት አልለበሱም ነበር። ከወደቁ በኋላ ነው ሰው ያለበሳቸው።»

እትዬ የታናሽየውን እጅ ከትከሻቸው ላይ ሳያውቁት አወረዱት።

«ያለበሳቸው ሰው ‹ሽማግሌው ብቻቸውን ሊወጡ ሲሉ ወደቁ› እንዲባል ፈልጓል። እሳቸው እንዴት እንደሚለብሱ የሚያውቅ ሰው ቢሆን ቀኙን አስቀድሞ ባለበሳቸው ነበር። ባለቤታቸው ይህን በየጥዋቱ ያደርጉታል። ኃላፊዋ ለሌላው ታስተምረዋለች። ይህ ልጅ ራሳቸውን ያስተማረ ነው። ያለበሳቸው ሰው ግን አያውቅም፤ ደህናው እጅ ይቀድማል ብሎ ገመተ።» ወደ ታናሽየው ዞረች። «እርስዎ ግራ እጃቸውን አስገብተው ሲታገሉ በዓይኔ አየሁ ብለዋል። እንደዚያ ሆነው የታዩት ከሞቱ በኋላ ብቻ ነው። ቤተሰብ ሲመጣ ደግሞ አንሶላ ተሸፍነው ነበር። ግራው መግባቱን እንዴት አወቁ?»

ታናሽየው ወደ በሩ አየ፤ በሩ ላይ ፖሊስ ቆሟል። እትዬን አየ፤ እሳቸው ፊታቸውን አዙረዋል። ከዚያ ተናገረ፤ የተናገረውም ለማንም አልነበረም።

«ልጁ ሲወጣ ነው የገባሁት። ‹ና፣ ሰው ይዤ ደረጃ መውረድ እንደቻልኩ ላሳይህ› አለኝ። ክንዴን ይዞ እየወረደ ‹ነገ ቁልፉን አምጣ› አለኝ። ሱቁ የእሱ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ዕድሜዬን ሙሉ የእሱ ታናሽ ነበርኩ። ሰው እኔን ‹ሰዓት ሠሪው› ብሎ የጠራኝ እሱ ከታመመ ወዲህ ነው። ክንዴን ነው የሳብኩት። ሌላ ምንም አላደረግኩም።»

«ከዚያስ?» አለች መርማሪዋ።

«በርዶ ነበር። ያለ ካፖርት ማን ብቻውን ደጅ ይወጣል? ብዬ...» አልጨረሰውም። ይዘውት ወጡ።

እትዬ ወደ ተማሪው ቀና አሉ። «ቁልፉን ነገ አምጣ ያለው በምን እጁ ሊሠራ ነው?» ሲሉ ጠየቁት።

ተማሪው ጠጋ አላቸው። «ጣታቸው ተንቀሳቅሶ ነበር፣ እትዬ። ለእርስዎ ራሳቸው ሊያሳዩዎት ፈልገው ዝም በል ብለውኝ ነበር። እኔ ግን ለወንድማቸው ነገርኩት።»

አሮጊቷ አልረገሙትም፣ አላጽናኑትምም። ቀኝ እጁን ወስደው አውራ ጣቱን በመዳፋቸው ውስጥ ጨብጠው ቆዩ፤ ከዚያ ለቀቁት።

ያኔ ነው ኃላፊዋ ከግድግዳው የተላቀቀችው። «ልጁን የጠራሁት እኔ ነኝ» አለች። «ተዋቸውና ና ብዬ። ከዚያም ዋሽ አልኩት። ጥፋቱ ከተጻፈ በእኔ ስም ይጻፍ።» ያለችው ሆነ፤ ከክፍሉ ኃላፊነት ተነሳች፤ ተማሪው ልምምዱን በሌላ ባለሙያ ሥር ቀጠለ።

ሳምንታት አለፉ። አንድ ቀን እግሯ የማይታዘዝ ልብስ ሰፊ አመጡለት። ተማሪው ተንበርክኮ ጭኗ ላይ ጣቶቹን አሳርፎ «ጉልበትሽን ለመዘርጋት ሞክሪ» አላት። ከጣቶቹ ሥር ጡንቻዋ በስሱ እርግብ ሲል ተሰማው። በዓይን አይታይም፤ ግን ነበረ። ደስታው እስከ ጉሮሮው መጣ።

«አለ ነገር?» አለች ልብስ ሰፊዋ ፊቱን አይታ።

ቀና አለ። ከወንበሯ ኋላ ወንድሟና አክስቷ፣ አንዲት የሥራ ባልደረባዋም ቆመው መልሱን ይጠብቃሉ። ደግ ሰዎች ይመስላሉ። ተማሪው ግን አንድ በአንድ ዓይን ዓይናቸውን አያቸው፤ እንዲህ ሰውን ማየት የጀመረው በቅርቡ ነው፤ ራሱንም አላስደሰተውም።

ከዚያ ወደ ሴትዮዋ ጎንበስ ብሎ፣ ለእሷ ብቻ በጆሮዋ ነገራት።