ባዶ ተብሎ የተጻፈው መንደር

እኔ ስለ ጂን፣ ስለ ጥላ፣ ስለ ምናምን ሲወራ ስልኬን አውጥቼ የምነካካ ሰው ነበርኩ፣ እናቴ «በመግሪብ ሰዓት ውሃ ወደ ደጅ አትድፊ» ስትለኝ ሆን ብዬ የምደፋ፣ ልጆች ሆነን ሌሎቹ የሰፈራችንን ባዶ ቤት ፈርተው ሲሸሹ ገብቼ የምወጣ፣ እና አሁን የምነግራችሁን ነገር ሌላ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ በሆዴ ስቄ ወሬ እቀይር ነበር። ሥራዬ ቅየሳ ነው። መሬት እለካለሁ፣ ካርታ ላይ አሰፍራለሁ፣ የማምነው የለካሁትን ብቻ ነው።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስትወርዱ፣ የሐረጎን ጠመዝማዛ ጨርሳችሁ ከተማው ከታች ብልጭ ማለት ሲጀምር፣ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብላ አንዲት መንደር አለች፣ ሾላ ጥግ እንበላት፣ እውነተኛ ስሟን ልተወው። የደሴ ብርድና የኮምቦልቻ ሙቀት የሚገናኙት እዚያ ገደል አፍ ላይ ስለሆነ ጉም አያጣትም። ዛሬ ግማሹ ነዋሪ ገበሬ ነው፣ ግማሹ ኮምቦልቻ ፋብሪካ እየሠራ ቤት የተከራየ፣ በየግቢው ጀርባ አዲስ የቆርቆሮ ቤት ይቀጠላል፣ ጠዋት ጠዋት ባጃጅ እየተሻሙ ይወርዳሉ። ተከራዮቹን ብትጠይቋቸው ግን መንደሯ ድሮ እዚህ እንዳልነበረች አያውቁም። አሮጌዋ ሾላ ጥግ ከላይ፣ ዳገቱ ወገብ ላይ ነበረች። በደርግ ጊዜ አንድ ክረምት ዝናቡ አላባራ ብሎ ተራራው ተንሸራተተ፣ አሥራ አንድ ቤት ከነሰዉ ጭቃ በላው፣ የተረፉት ወደ ታች ወርደው አሁን ያለችውን መንደር ቆረቆሩ።

እኔ የተላክሁት ያንን ላይኛውን መሬት ለክቼ ቅጽ እንድሞላ ነው፣ መጋዘን ሊሠራበት ታስቦ ነበር። ቅጹ ላይ «አሁን የሚሰጠው አገልግሎት» የሚል ቦታ አለ። የመንደሩን ሽማግሌ ሼህ ሙሄን ጠየቅኳቸው፣ ሰማንያ የተጠጉ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው፣ ግን ንግግራቸው ያልደከመ ሰው ናቸው።

«ሼህ፣ ላይ የሚኖር ሰው አለ?»

«ሰውስ አለ ልጄ፣ የሚኖር ነው የሌለው» አሉኝ። «አንዳቸውንም ከጭቃው አላወጣናቸውም። መቃብር ብለሽ ጻፊልን።»

«አጥር የለውም፣ ምልክት የለውም፣ እንዴት አድርጌ መቃብር ልበለው?»

መልሳቸውን ሳልጠብቅ እዚያው ፊታቸው «ባዶ» ብዬ ጻፍኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያን ሰዓት የተሰማኝ ነገር ቢኖር ቅጹ ቶሎ በመሞላቱ ደስታ ነው።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ፣ በጠራራው ቀን፣ ሾፌራችንን አስፋልቱ ዳር ትቼ ጂፒኤሴን ይዤ ብቻዬን ወጣሁ። ግማሽ መንገድ ላይ ጉሙ መጣ። የሐረጎን ጉም የሚያውቅ ያውቀዋል፣ እጅህን ዘርግተህ ጣትህን የማታይበት ነው፣ እኔ ግን መሣሪያው ይመራኛል ብዬ ዳር ዳሩን መዞር ቀጠልኩ። መጀመሪያ የሰማሁት ሙቀጫ ነው። ዱም፣ ዱም፣ ዱም። ከታችኛው መንደር ጉሙ ይዞት መጥቶ ነው አልኩ። ከዚያ ዶሮ፣ ከዚያ ጭራሮ የሚሰብር ሰው፣ ከዚያ አንድ ሽማግሌ ጉሮሮውን ሲጠርግ፣ ይሄ የመጨረሻው ወላሂ ከታች አልነበረም፣ ከጎኔ ነበር። «ማነው?» አልኩ። ሙቀጫው ለአፍታ ቆመና እንደገና ጀመረ።

ያኔም አልፈራሁም፣ እመኑኝ። እረኛ ነው፣ እንጨት ለቃሚ ነው እያልኩ ሄድኩ። አንድ ነገር ብቻ ግራ አጋባኝ፦ ዳገቱ ላይ ፊቴን ሲገርፈኝ የነበረው ነፋስ፣ ከቤት ግድግዳ ጀርባ ስትገቡ እንደሚቆመው፣ በአንድ እርምጃ ቆመ። ከዚያ ደግሞ የሞቀ ነገር፣ ከብት ያደረበት ቤት ሽታ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ጉሙ ገለጥ ሲልና እኔ ወደ ታች ስወርድ ነው። ግማሽ ሰዓት ብቆይ ነው ብዬ ነበር። ሼህ ሙሄ ግን ደጃቸው ላይ ቆመው ይጠብቁኛል።

«ምነው እንዲህ ቆየሽ? እኔ የአሥር ሶላቴን ሰግጄ ጨረስኩ፣ ሾፌርሽም ሲጣራ ቆየ።»

ስልኬን ሳይ አሥር ሰዓት አልፏል።

በማግስቱ ቢሮ ገብቼ ጂፒኤሱ የመዘገበውን የእግሬን መስመር ኮምፒውተር ላይ ከፈትኩት። ዳር ዳሩን ዞሬ አንድ ክብ ነገር መውጣት ነበረበት። የወጣው ግን ሌላ ነው። ቀጥ ብዬ ሄጄ እታጠፋለሁ፣ እንደገና እታጠፋለሁ፣ የሆነ አራት ማዕዘን ነገር እዞራለሁ፣ በጠባብ መተላለፊያ እንደሚያልፍ ሰው ጥግ ለጥግ እሄዳለሁ። መሣሪያ ሲሳሳት መስመሩ እንደ ፌንጣ እዚህም እዚያም ይዘላል እንጂ እንዲህ አይታጠፍም፣ ይሄን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። አንድ ቦታ ላይ ደግሞ ወደ ውስጥ ገብቼ ቆሜያለሁ። አርባ ደቂቃ። ንቅንቅ ሳልል።

አትሜ ይዤላቸው ሄድኩ። ምንም አላልኳቸውም፣ ወረቀቱን ብቻ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አደረጉ፣ ወረቀቱን አዙረው አዙረው ከተራራው ጋር አስተካከሉት።

«ይሄን ማን ነገረሽ?»

«ማንም። እኔ የሄድኩበት ነው።»

«ይሄ የኛ መተላለፊያ ነው» አሉ ጣታቸውን እየጎተቱ። «ይቺ የኑርዬ በረት ናት፣ ዞርሻት። ይሄ የመስጊዱ ግንብ። እዚህ ጋ...» ጣታቸው አርባ ደቂቃ የቆምኩበት ላይ ሲደርስ ቆመ። «ይሄ የፋጡማ ቤት ነው። የእህቴ።»

ይፈራሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። ቀና ብለው ሲያዩኝ ግን ፊታቸው ላይ ያየሁት ፍርሃት አይደለም፣ ጉጉት ነው።

«ምን አለችሽ?»

«ሼህ፣ እኔ ማንንም አላየሁም።»

«አርባ ደቂቃ? ፋጡማ እንግዳ ዝም ብላ አታስቀምጥም። ስለኔ ጠየቀችሽ?» ወረቀቱን ደረታቸው ላይ ያዙት። «ተራራው የተንሸራተተ ቀን እኔ ቢስቲማ ገበያ ነበርኩ። ዝናቡ እስኪያባራ አትሂድ፣ አብረኸኝ ዋል ብላኝ ነበር። ተቆጥቼ ነው የወጣሁት። እባክሽ ልጄ፣ አስታውሺ።»

ልዋሽላቸው አስቤ ነበር፣ «ይቅር ብላሃለች በዪው አለችኝ» ማለት ምን ያቅተኛል? ግን አፌ አልታዘዘኝም። አላስታውስም አልኳቸው። ራሳቸውን ነቅንቀው ወረቀቱን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱት፣ ልቀበላቸውም አልደፈርኩም።

ቢሮ ተመልሼ «ባዶ» የሚለውን ሰርዤ «መካነ መቃብር» ብዬ ጻፍኩ። አለቃዬ ተቆጣ፣ ማስረጃሽ ምንድን ነው አለኝ፣ ምን ልበለው? ከካሳሁን ጋር ሄዳችሁ እንደገና ለኩ ተባለ። ካሳሁን የሥራ ባልደረባዬ ነው፣ ቀልደኛ፣ ስለ ነገሩ አንድም ቃል አልነገርኩትም።

የሄድነው ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነው፣ ፀሐይ፣ ጉም የሚባል የለም፣ ኮምቦልቻ ከነፋብሪካው ጭስ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ላይኛው መሬት ሣርና ቁጥቋጦ ብቻ ነው፣ እንደ ልብ የሚሄዱበት። እኔ አንዱን ጫፍ፣ እሱ ሌላውን ይዘን ለካን፣ አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀብንም። ምንም አልሰማሁም፣ ምንም አላየሁም። እንዲያውም ስንወርድ እየሳቅኩ ነበር፣ ይሄውና ሜዳ ነው፣ የደከመ አእምሮዬ ነው እያልኩ ለራሴ።

ካሳሁን ግን መኪናው ውስጥ አልቀለደም። ደሴ ልንገባ ስንል ነው የጠየቀኝ።

«ሥራ አልጨረስንም እያልኩ ስጠራሽ ለምን ዝም አልሽኝ?»

«መቼ ጠራኸኝ?»

«መሐሉ ላይ። ቀጥ ብለሽ ወደኔ ትመጫለሽ ስል ትታጠፊያለሽ፣ ሜዳው ላይ የሌለ ነገር ትዞሪያለሽ። ከዚያ አንድ ቦታ ቆምሽና 'ቤቶች!' አልሽ።» ሾፌሩ እንዳይሰማ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «በር አጭር ሲሆን እንደሚጎነበሰው ጎንበስ አልሽ። ሰው የሚያናግርሽ ይመስል ራስሽን እየነቀነቅሽ ትንሽ ቆየሽ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ 'እሺ' አልሽ፣ ወጣሽ።»

ይሄ ከሆነ አራት ወር አልፎታል። ሼህ ሙሄ በየጁምዓው ይደውላሉ፣ ትዝ አለሽ ወይ ይሉኛል፣ አላለኝም እላቸዋለሁ፣ እውነቴን ነው። ግን አንድ ነገር አልነገርኳቸውም፣ ለእናቴም አልነገርኩ፣ ለናንተ ነው የመጀመሪያዬ፦ እዚያ የሆነ ሰው የሆነ ነገር ለምኖኛል፣ እኔም እሺ ብያለሁ። ምን እንደሆነ ግን አላውቅም።