ከአራቱ ፎቶ አንዱ

አናጢው በርጩማው ላይ ተቀምጦ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሏል። ፎቶ አንሺዋ አንገትጌውን ልታስተካክልለት ጎንበስ ስትል የእንጨት ብናኝ ሸተታት።

«ጉርድ ፎቶው ለምን ነው፣ ወንድሜ?»

«ለፎርም።»

«ለመንጃ ፈቃድ?»

«ለፓርቲ...»

እጇ አንገትጌው ላይ ቀረ። ልጅ ሳለች አባቷን ከቤት የወሰዷቸው ከኮታቸው ኪስ የፓርቲ ካርድ ስላገኙ ነበር። አልተመለሱም።

«የትኛው ፓርቲ?»

«ሁልጊዜ የሚሸነፈው።»

ሳታስበው ሳቀች። «ምን ታይቶህ ነው?»

«የሁሉንም ስብሰባ ሄጄ ቁጭ አልሁ። ጥያቄ ስጠይቅ ያላፈጠጡብኝ እነሱ ብቻ ናቸው።»

ማሽኑ የሚያትመው አራት አራት ነው፤ እሱ የጠየቀው ሦስት ነበር። ሦስቱን በፖስታ ሰጠችውና አራተኛውን አስቀረች። ለምን እንዳስቀረችው ራሷንም አልጠየቀችም።

በማግስቱ አንድ እግሩ የሚነቃነቀውን በርጩማዋን ሊጠግንላት መጣ። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ምንም ያልሆነውን ሌላውን በርጩማ ሊጠግን መጣ።

በሳምንቱ ሁለት ሰዎች ገብተው በሩን ከውስጥ ቀረቀሩት።

«ሰሞኑን ለፓርቲ ፎርም የተነሡትን አውጪ።»

«እኔ ፎቶ አነሣለሁ እንጂ ለምን እንደሆነ አልጠይቅም።»

ኮምፒውተሩን በረበሩ። የአናጢውን ፎቶ ያኑ ዕለት አጥፍታው ነበር። መሳቢያውን ገለበጡ፤ ከዚያ ቦርሳዋን ባንኮኒው ላይ ዘረገፉት። አንዱ ትንሿን የእጅ መስታወቷን አነሣ። እሷ የቀረውን ዕቃ ወደ ቦርሳው መልቀም ጀመረች። ሰውየው ጢሙን አየ፣ በጣቱ አስተካከለ፣ መስታወቱን መልሶ ወረወረው። ሄዱ።

በማግስቱ አናጢው ፎርሙን ይዞ መጣ። ፊቱ ዐመድ መስሏል።

«ቢሮው አራት ፎቶ ነው አለኝ። አራተኛው የት ሄደ?»

ቦርሳዋን ወደ ራሷ ሳበች።

«ትናንት እዚህ ገብተው ነበር አሉ። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ወርክሾፑ ድረስ መጥተው ስለ እኔ ጠየቁ። ሰጠሻቸው?»

የቦርሳዋን ዚፕ ከፈተች።

«ንገሪኝና ልወቀው... አልቆጣሽም። ፈርተሽ ከሆነ ይገባኛል።»

ይሄ ከቁጣ የባሰ አመማት። መስታወቷን አውጥታ ጀርባውን ፈልቅቃ አሳየችው። ፎቶው እዚያ ነበር።

አናጢው አንገቱን ደፋ። «ይቅር በይኝ... ታዲያ ማን ነገራቸው?»

«ስብሰባ ላይ ያፈጠጡብህ ናቸዋ።»

አናጢው ፎርሙን በእጁ አገላበጠ።

«ተወው ካልሽኝ...» አለ።

«እናቴ አባቴን ተዉት አላለቻቸውም። እኔም አልልህም።»

ፎርሙን ተቀበለችው። ከታች «አደጋ ቢደርስ የሚጠራ ሰው» የሚለው መስመር ባዶ ነው።

«ይሄንስ?»

«እናቴ የልብ ሕመምተኛ ናት። ሌላ ማንን ልጻፍ?»

እስክሪብቶ አነሣች። ስሟንና ስልኳን ጻፈች። «ዝምድና» የሚለው ጋ ስትደርስ ቀና ብላ አየችው፤ ከዚያ ጻፈች። «እጮኛ።»

አናጢው ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ጠይቄሽ ነበር እንዴ?»

«ደህናውን በርጩማ ስትጠግን ምን ልበል ታዲያ?»

«ፈርቼ ነው።»

«እኔም እየፈራሁ ነው የጻፍሁት።»

ፎቶውን ሊወስድ እጁን ዘረጋ። መስታወቱን ወደ ደረቷ ሳበችው።

«እሱን አልሰጥህም። ተቀመጥ፣ ሌላ አነሣሃለሁ።»

ውጭ የመኪና በር ተዘጋ። ሁለቱም ወደ በሩ ዞሩ። የእግር ኮቴ ቀረበ... አለፈ።

«አገጭህን ቀና አድርግ» አለችው።

ቀና አደረገ።