የስምንት ሰዓት በረራ

የበረራ ዕቅድ ክፍሉ ኃላፊ ራዲዮው ፊት ለፊት፣ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ሞቶ ተገኘ። ማጅራቱ በከባድ ነገር ተመትቷል፤ የጆሮ ማዳመጫው ግን ከራሱ ላይ አልወረደም። መርማሪው ሲደርስ፣ የክፍሉን መግቢያ ካርድ የያዙት ሦስቱ ሰዎች እርስ በርስ ላለመተያየት እየተጠነቀቁ ቆመው ነበር፤ የሟቹ ምክትል፣ የነዳጅ ክፍል ኃላፊዋ፣ እንዲሁም ባልደረቦቹ «ደመናው» የሚሉት አዛውንት የአየር ጠባይ ባለሙያ።

«ከማን ጋር ሊነጋገር ነበር?» ሲል ጠየቀ መርማሪው።

«ከማንም ጋር፤ ራዲዮው ከጠዋት ጀምሮ ተበላሽቷል» አለ ምክትሉ።

መርማሪው ከጠረጴዛው ሥር አጎንብሶ ተመለከተ። የራዲዮው ገመድ ከሶኬቱ ተነቅሎ ወደ ግድግዳው ጥግ ተገፍቷል። ቀና ብሎ ጥያቄውን ቀጠለ።

«አሁን በአየር ላይ ያለ አውሮፕላን አለ?»

«አንድ አለ፤ ከተነሣ ሦስት ሰዓት ሆኖታል» አለች የነዳጅ ኃላፊዋ። «ልጄ ተሳፍራበታለች።»

«ርቀቱስ?»

«ስምንት ሺህ ኪሎ ሜትር፤ የስምንት ሰዓት በረራ» አለ ምክትሉ ፈጥኖ። «ትናንት ከዚያ የመጣው በስምንት ሰዓት ገብቷል። መንገዱ ያው ነው።»

«ነዳጁ ለስንት ሰዓት ተሞላ፣ እትዬ?»

«በዕቅዱ መሠረት ለስምንት፤ አንድ ሰዓት መጠባበቂያ ተጨምሮበት።»

ደመናው ከመስኮቱ ዘወር አለ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«የትናንቱን እኮ ነፋሱ ከኋላ እየገፋ ነው ያመጣው። የዛሬው ያንኑ ነፋስ ፊት ለፊት ይጋፈጠዋል፤ አሥር ሰዓት ሳይሞላ አይደርስም። አብራሪው ነዳጁ እንደማይበቃው ሲያውቅ፣ መመለስ ከሚችልበት ቦታ አልፎ ይሆናል፤ ከታቹ ደግሞ ባሕር ነው።»

የነዳጅ ኃላፊዋ ጠረጴዛውን ያዘች።

«የነፋሱን ነገር ለማን ነግረዋል፣ አባባ?» አለ መርማሪው።

«ጠዋት ለምክትሉ። ‹እርስዎ ደግሞ ነፋስ ሲያስፈራራዎት ነው የሚኖሩት› ብሎ ቀለደብኝ። አላስችል ቢለኝ ቅድም ለኃላፊው ነገርኩት።»

መርማሪው በሩን ዘግቶ ሦስቱንም በጠረጴዛው ዙሪያ አቆማቸው።

«በተበላሸ ራዲዮ ማንም ማዳመጫ አያጠልቅም። ሟቹ ‹ተመለሱ› ሊል ነበር። እትዬ ቢያውቁ ኖሮ ልጃቸው ያለችበትን አውሮፕላን ራሳቸው ይጠሩት ነበር። አባባ ደግሞ ስሕተቱን ለሟቹ የጠቆሙት ናቸው። ጥሪው ቢተላለፍ የሚጠፋው የአንድ ሰው ስም ብቻ ነበር፤ ርቀቱ አንድ ነው ብሎ የመጪውን ሰዓት ለሂያጁ የገለበጠው ሰው። ገመዱ መነቀሉን ሳንደርስበት ‹ተበላሽቷል› ያለንም እሱ ነው።»

ምክትሉ ግድግዳውን ተደገፈ።

«መጠባበቂያው ያደርሳቸዋል ብዬ ነበር።»

«ብለህ?» አለች እናቲቱ። «ሥራህ እኮ ሒሳብ ነው።»

መርማሪው ገመዱን ሰካ፤ ደመናው ተጣራ። ከዚያ የአብራሪው ድምፅ መጣ፤ «ገብቶኛል፤ እየዞርን ነው።»

«ይደርሳሉ?» አለች የነዳጅ ኃላፊዋ።

«ይደርሳሉ፣ ልጄ» አለ ደመናው። «አሁን ነፋሱ ከኋላቸው ነው፤ በሦስት ሰዓት የሄዱትን ከዚያ ባነሰ ይመለሱታል። ነዳጁም ይተርፋል።»

«ደግመው ያስሉት» አለች።

ሽማግሌው እርሳስ አነሣና፣ እሷ ከትከሻው በላይ እያየች፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ አሰላ።