ከጥዱ ወዲያ

የመናፈሻው ዘበኛ ይርጋ ጫማውን እንዳደረገ ኩሬው ውስጥ በአፍ ጢሙ ተደፍቶ ሞቶ ተገኘ። ፖሊሱ አሥር አለቃ ማሩ ሲደርስ አንድ ጂፕ ሞተሩን ሳያጠፋ ቆሟል፤ እትዬ ብዙነሽን ወደ እስር ቤት ሊወስድ።

«ነገሩ አልቋል፤ አንተ ፈርምና ሂድ» አለው የቀበሌው ሊቀ መንበር ፈንታሁን።

ማሩ እንዲህ ያለውን ለምዶታል። ከኋላው የመጡት ሁሉ ሲሾሙ፣ እሱን «ትምህርትህ አነሰ» ብለው እዚያው ትተውታል። ደብረ ታቦር ውስጥ ምሳ እንብላ የሚለው የለም፤ የሚፈለገው ሬሳ ሲገኝ ነው።

«ምን ተገኘባቸው?»

«ጭቃውን አታይም? የባዶ እግር ዱካ ነው። የበሩ ቁልፍ ያለው እኔና ሻይ ሻጩ ሸሪፍ ጋ ነው፤ እሷ እዚሁ ታድራለች። ከሦስታችን በባዶ እግሩ የሚሄድ ማነው?»

እትዬ ብዙነሽ አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ቦታው የባላቸው ነበር። አዋጁ ሲወጣ ቀበሌው ወረሰው፤ ለሳቸው አጥሩ ሥር አንዲት ክፍል ተወላቸው። ከአሮጌው ጥድ ወዲያ ያለውን ምንጭ በድንጋይ ከቦ ኩሬ አደረገና «የሕዝብ መናፈሻ» ብሎ ጻፈበት። ሕዝቡ ግን ብርዱን ፈርቶ አይመጣም። ወንበሩ ላይ የሚቀመጡት እሳቸው ብቻ ናቸው።

«እትዬ፣ ይህ ውኃ ድሮ ምን ነበር?»

«የሚካኤል ጸበል ነዋ! ከጥዱ ወዲያ በጫማ የሚያልፍ አልነበረም።»

«ተረት!» አለ ፈንታሁን።

«ከይርጋ ጋር ተጣልታችኋል?»

«ምን አጣላን? ምላሱ አያርፍም እንጂ ክፉ አልነበረም። ትናንት እንኳ ‹አንድ ትልቅ ሰው በማለዳ እዚህ ምን ሲያደርግ እንዳየሁ ብነግርዎ በሳቅ ይሞታሉ› ብሎኝ ነበር።»

ማሩ ወደ ሻይ ሻጩ ዞረ። ሬሳውን ያገኘው እሱ ነው።

«ሸሪፍ፣ ውኃ ስትቀዳ ጫማህን ታወልቃለህ?»

«በዚህ ብርድ? ወላሂ፣ ለኔ ውኃ ውኃ ነው።» ጭቃ የለበሰ ቦቱን አነሳና አሳየ።

ማሩ ዱካዎቹ ላይ ቁጢጥ ብሎ ቆየ። ከዚያ ሁሉንም ጥዱ አጠገብ ሰበሰባቸው።

«የእትዬን እግር እዩ። ተረከዛቸው ተሰነጣጥቋል፤ ጣቶቻቸው ተበታትነዋል። ጭቃው ላይ ያለው ተረከዝ ግን ልስልስ ነው፤ ጣቶቹም ተጣብቀዋል። ጫማ ውስጥ የኖረ እግር ነው። እንግዲህ ገዳዩ ጫማ ነበረው፤ አወለቀው። ሸሪፍ አያወልቅም፤ የቦቱ ዱካ እስከ ውኃው ድረስ አለ። እዚህ ጫማ የሚያወልቅ ውኃውን የሚያምን ሰው ነው።»

«እኔ ነኝ የማምነው?» ፈንታሁን ሳቀ። «በየስብሰባው ጸበልን የማወግዘው?»

«እንግዲያው የሟቹን ቆብ ከውኃው ያውጡልኝ፣ ጓድ።»

«አንተ ደግሞ!» ብሎ በንዴት ተራመደ። ጥዱን ሊያልፍ ሲል ቆመ። ጎንበስ አለ። እጁ የጫማውን ክር ያዘ።

የጂፑ ሞተር ብቻ ይሰማል።

«የሚጥል በሽታ አለብኝ» አለ ፈንታሁን እንዳጎነበሰ። «ስጠመቅ ይርጋ አየኝ። ዛሬም መጥቶ ‹ጓድ ጸበልተኛ!› እያለ ሳቀብኝ። ለከተማው ሁሉ ሊያወራው ነበር። ገፋሁት፤ ድንጋዩ መታው።»

ጂፑ ሊቀ መንበሩን ይዞ ሄደ። ሸሪፍ ወደ ሻይ ቤቱ ገባ። ማሩን በርታ ያለው አልነበረም። እጁን ኪሱ ከቶ ወደ በሩ ሲያመራ ወንበራቸው ላይ የተመለሱት እትዬ ብዙነሽ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁለት።

«አረፍ በል እንጂ፣ ልጄ።»

ተቀመጠ። መናፈሻው ከተከፈተ ወዲህ በዚያ ወንበር ላይ ሁለት ሰው ሲቀመጥ የመጀመሪያው ነበር።