ሰዓዳና የሱሩር ኪኑዋ

ሱሩር አዋሽ ሰባት ኪሎ፣ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ካለው የጋሽ ጣሃ ምግብ ቤት የገባ ዕለት ሰዓዳን አይቶ አፉ ተሳሰረ። «ምን ላምጣ?» ስትለው «አዎ» አለ። ሳቋ አመለጣት። ልብ ከሄደ ሄደ ነው፤ ምን ይደረጋል...

ሱሩር በደርጉ ጊዜ በአዋሽ ሸለቆ ካሉት የመንግሥት እርሻዎች በአንዱ የሰብል ባለሙያ ነበር። እሷ ከወሎ የመጡት የጋሽ ጣሃ ብቸኛ ልጅ ናት። ተዋደዱ። አባቷ ግን የመንግሥት ሠራተኛ ዛሬ እዚህ ነገ ሌላ አገር ነው፣ ልጄን ይዞብኝ ይሄዳል እያሉ ፊት ነሱት።

ሽማግሌ በሚልክበት ዋዜማ፣ ሰዓዳ ለእንግዶቹ እንድትሠራት ጥቃቅን ነጣ ያለች ፍሬ በከረጢት ይዞ መጣ። ኪኑዋ ትባላለች አላት፤ ከደቡብ አሜሪካ ተራሮች ለሙከራ የመጣች፣ እንደ እህል ብትበላም የቆስጣ ዘመድ ናት። ፕሮቲኗ የተሟላ ነው፣ ብረትና አሰርም አላት፣ ሥጋ ላላገኘ ሰው ትደግፋለች እያለ አወራላት። «እወድሻለሁ» ማለት ሲያፍር ስለ ፕሮቲን የሚያወራ ሰው፣ ጉድ እኮ ነው! ሲወጣ በሩ ላይ ሆኖ «ሳሙናው እስኪለቅ ደጋግመሽ እጠቢ» አላት።

የሰዓዳ ደም ፈላ። ድስቴን ቆሻሻ አለኝ ብላ ድስቱን እስኪያብረቀርቅ ፈተገችው። ፍሬዋን ግን ሳታጥብ ቀቀለቻት።

በማግስቱ ሽማግሌዎቹ ፊት አባቷ ቀድመው ጎረሱና ፊታቸው ተኮማተረ። ይሄ ልጅ ሬት ልኮ ያላግጥብናል ብለው ትሪውን ገፉት። ሽማግሌዎቹም ጫማቸውን መፈለግ ጀመሩ። ሰዓዳ እያለቀሰች ጣቢያው ጥላ ሥር ወደሚጠብቀው ሱሩር ሮጠች።

«አዋረድከኝ!»

«ፍሬዋን አጥበሻታል?»

«ድስቱን እንጂ! ሳሙና ያልከው...»

«ሰዓዳዬ፣ የፍሬዋ ሽፋን እኮ ነው እንደ ሳሙና አረፋ የሚያወጣው። መራራውም እሱ ነው።»

ከእንባዋ መሀል ሳቀች። ተመልሳ የተረፈችውን ፍሬ አባቷ እያዩ ውኃው እስኪጠራ አጠበቻትና በቅቤና በሽንኩርት ሠራቻት። ጋሽ ጣሃ ቀመሱ፤ ደገሙ፤ ሽማግሌዎቹንም አስጎረሱ። የአባቷ ፊት ፈታ ቢልም ሥጋታቸው አልለቀቃቸውም።

«ምግቡስ ጥሩ ነው» አሉ። «ነገ ቢያዛውሩት ግን አንቺ ምን ልትሆኚ ነው?»

ሰዓዳ አቀረቀረች። አንደኛው ሽማግሌ የልጃገረድ ዝምታ እሺታ ነው ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ ቀና አለች።

«ዝም አልልም አባባ። እወደዋለሁ። ቢያዛውሩት አብሬው እሄዳለሁ። እርስዎም ያለ እኔ የሚያበስልልዎት ይቸግርዎታልና አብረውን ይሄዳሉ።»

ጋሽ ጣሃ ዓይናቸውን በሽርጣቸው ጫፍ ጠረጉ። ብቻቸውን የሚቀሩ መስሏቸው ነበር ለካ።

«በሉ እንግዲህ» አሉ፣ «ልጁን ጥሩትና ፋቲሓ ቀርተን እንመርቃቸው።»